ለአባቴ የሰጠሁት የጨጓራ መድኃኒት

ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ሰፈርተኛው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት እኔ ጋ ይመጣል። አንዱ ሳል ይዞኛል ይላል፣ ሌላዋ ልጄን አተኮሳት ትላለች። ቀላሉን በመድኃኒት እሸኛለሁ፤ ከባድ የመሰለኝን ደግሞ "ይመርመሩ" ብዬ እልካለሁ። ሁለቱን መለየት ተምሬ የተመረቅሁበት ሙያዬ ነው። ይህን የምለው ልኩራበት ብዬ አይደለም። የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ በደሌ ይቀልልኝ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ መንገድ ቀያሽ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ሲያድር፣ በየበረሃው ያገኘውን ሲበላ የኖረ ሰው ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ቀረ። "እኔ ጋ ና" ስለው "ደረጃው ስፖርቴ ነው" ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጠዋት ታክሲ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመጣና ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ደንበኞቼን እያየ ያረፍዳል።

ነገሩ የጀመረው ሁዳዴ ሲጋመስ ነው።

"ልቤ ሥር ያቃጥለኛል። ትንሽ ስቀምስ ደግሞ ሆዴ ጢም ይላል" አለኝ።

"ጨጓራ ነው አባዬ። በባዶ ሆድህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየህ ሌላ ምን ይሆናል?" አልኩትና የአንድ ወር መድኃኒት ሰጠሁት።

ያን ቀን አጠፋሁ አልልም። አብዛኛው ሰው እንደዚያ ሲል ጨጓራ ነው፤ መድኃኒቱም ረድቶት ለፋሲካ ዶሮውን በላ። ጥፋቴ የሚጀምረው ወሩ አልቆ "ያቺ ነገር ተመልሳ መጣች" ሲለኝ ነው። በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ሲል መድኃኒት አይደገምለትም፤ ይመረመራል። እኔ ግን መጠኑን ጨምሬ ደገምኩለት። ከዚያም ሠለስኩለት።

ግንቦት ላይ ሱሪውን ሽቅብ ሲስብ ቀበቶውን አየሁት። በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው። ከእሱ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ።

"ቀበቶህን ወንፊት አደረግኸው እኮ!" ብዬ ሳቅሁበት።

"ብቻውን የሚበላ ሰው ይከሳል" አለና አብሮኝ ሳቀ።

ያቺን መልስ ወደድኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ ሠርቼ በሳህን እያሰርኩ እልክለት ጀመር፤ የሚገባኝን ያደረግሁም መሰለኝ።

ለምን አላስመረመርኩትም? ሥራ በዝቶብኝ ነበር እላለሁ። ረዳቴ ወልዳ እረፍት ላይ ነበረች እላለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ዋናው እውነት ግን እናቴን ሆስፒታል አስገብቼ በእግሯ አለመመለሷ ነው። አባቴን በዚያ በር ማስገባት ፈራሁ። ጨጓራ ነው ባልኩ ቁጥር ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ማስታገሻ እየሰጠሁ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ዣንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡና የጨጓራ መድኃኒት ጠየቁኝ።

"ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ሦስት ወር ቢሆነው ነው ልጄ።"

"ቶሎ ይጠግባሉ? ልብስዎ ሰፍቶዎታል?"

"በጣም እንጂ።"

"እንግዲያው እኔ መድኃኒት አልሰጥዎትም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በጉሮሮ ካሜራ አስገብተው ጨጓራዎትን ይዩልዎት። ነገ ዛሬ አይበሉ" አልኳቸው። የምርመራውን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ገና የበሩን ደረጃ ሳይወርዱ የአባቴን መድኃኒት ከመደርደሪያ አውርጄ ለቅዳሜ አዘጋጀሁ።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ መምህርቷ ተመልሰው መጡ። አባቴ እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ ነበር። ባንኮኒውን ዞረው ገብተው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

"ካንሰር ነበር ልጄ! ገና ሥር ሳይሰድ ደረስንበት አሉኝ። ቆርጠው አወጡልኝ። ያን ቀን መድኃኒቱን ሰጥተሽ ብትሸኚኝ ኖሮ እስካሁን ስውጥ ነበር የምኖረው። ዕድሜ ይስጥሽ!"

አመሰገንኳቸው መሰለኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሳቸው ከወጡ በኋላ አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ምን ይሰማቸው ነበር?" አለኝ።

ነገርኩት።

"ይሄ እኮ የኔው ነው" አለ በዝግታ።

"ያንተ ይለያል አባዬ" አልኩት።

እንዲህ አልኩት። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። እሱም አልተከራከረኝም። የዚያን ወር መድኃኒት ከእጄ ተቀብሎ ኮቱ ኪስ ከተተና ወጣ። በመስታወቱ ሳየው ታክሲ መያዣው ጋ ሳይደርስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የመብራት እንጨቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ይተነፍሳል። ያ ሁሉ ተራራ በእግሩ የለካ ሰው ሃምሳ እርምጃ መሄድ አቃተው። መድኃኒት ቤቱን ክፍቱን ትቼ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሌሎች መዘግየት መጣ። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የካሜራው ማሽን ተበላሽቷል አሉን። ሌላው ለሁለት ሳምንት ቀጠረን። ከጨጓራው የተወሰደው ናሙና ውጤት ሦስት ሳምንት ፈጀ። በየመስኮቱ ተጣላሁ፤ "ሰው እየሞተ እንዴት ቀጠሮ ትላላችሁ?" እያልኩ ጮህኩ። ግን ስጮህም አውቀዋለሁ፤ የእነሱ በሳምንት የሚቆጠር ነበር፣ የኔው በወር።

ኅዳር ላይ ውጤቱን የነገረችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ጠየቀችው።

"አባት፣ ሕመሙ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው" አለ አባቴ ዓይኗን እያየ። በሕይወቱ ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ስምንት ወር ነው ዶክተር። መድኃኒት ስሰጠው የነበርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ፋርማሲስት ነኝ።"

እስክሪብቶዋ ለአፍታ ቆመ። ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ጽፋ ጨረሰችና የጨጓራው ካንሰር ጉበቱ ላይ መድረሱን፣ ቀዶ ጥገና እንደማይጠቅመው፣ ኬሞ ግን ትንሽ ጊዜ ሊሰጠው እንደሚችል በለሰለሰ ድምፅ ነገረችን።

አራብሳን ለቆ እኔ ጋ ገባ። ከሦስተኛው ኬሞ ስንመለስ መገናኛ ላይ የታክሲ ግፊያ በዝቶ፣ ካልሲ ከሚሸጡት አጠገብ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የታክሲ ረዳቶቹ "ሰሚት! አያት!" እያሉ ይጮሃሉ፤ እኛ ግን ለመጋፋት አቅም አልነበረንም።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

"አንቺ ጨጓራ ነው ስትይኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ። "ሐኪም ቤት ላለመሄድ ሰበብ ሆንሽልኝ። እኔም ፈርቼ ነበር።"

ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለኝም። ምናልባት ማለቱ ነበር። እኔ ቃሉን ራሱን ፈልጌ ጠበቅሁ፤ አልመጣም፤ ደግሜም አልጠየቅሁትም።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ፊቱን እያጠብኩት ሳለ አረፈ።

ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ ምን ሆኖ ነው ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ከሐዋሳ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ።

"በየሳምንቱ አንቺ ጋ ነበር እኮ የሚውለው። እንዴት ሳታዪው ቀረሽ?" አለኝ።

"ደብቆኝ ነበር" አልኩት።

ከሠራሁት ሁሉ ይቺ ትብሳለች። አባቴ እኔን ለማዳን ሐኪሟ ፊት ዋሸ፤ እኔ ደግሞ አፈሩ ሳይደርቅ ጥፋቴን በእሱ ላይ ጣልኩ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ አልቻልኩም። ወንድሜን ለብቻው ጠርቼ ከሁዳዴው ጀምሮ፣ መምህርቷንም ሳልተው፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። የቀረበለትን ምሳ ሳይነካ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። መስከረምም ጥቅምትም ሄደ፤ አልደወለልኝም።

የደወለው ለገና ነው። እንኳን አደረሰሽ አለኝ።

"ይሄ በሽታ በዘር ይመጣል ይላሉ። አንቺስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ ድንገት።

"አላውቅም።"

"ተመርመሪ" አለና ዘጋው።

በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ፤ ለአሥራ አምስት ቀን ቀጠሩኝ። በዚያ በር ብቻዬን መግባት ፈርቼ ቀኑን በመልእክት ላክሁለት። እመጣለሁም አልመጣምም አላለኝም።