ወሬኛው ግፊት ለኪ

እናቱ ያወጣችለት ስም ቢኖርም ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚለው። ሬዲዮ እንኳ ባትሪው ሲያልቅ ያርፋል፤ ይሄ ሰው ግን ጠዋት የፀጉር ቤቱን ቆርቆሮ በር ከከፈተ ማታ እስኪዘጋው ድረስ አንደበቱ እረፍት አያውቅም። አድማጩስ የት ይሄዳል? ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ አረፋ ፊቱ ላይ ተቀብቶ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ የተደገነበት ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ሬዲዮ በክርክር ተሸንፎ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። እጁ ግን ወርቅ ስለሆነ ሰዉ ጆሮውን ሰጥቶም ቢሆን እሱው ዘንድ ይስተካከላል።

ታዲያ ጤና ቢሮ አንድ ጥሩ ነገር አሰበ። ወንዶች በሰው ትከሻ ካልሆነ ጤና ጣቢያ አይረግጡም፤ የደም ግፊት ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ከርሞ ድንገት የሚጥል በሽታ ነው። ጤና ጣቢያ የማይሄድ ወንድ ግን ፀጉር ቤት መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዮች ይሠልጥኑ፣ በየፀጉር ቤታቸው የግፊት መለኪያ ይቀመጥ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ካርድ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ ተባለ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ብልህ ሐሳብ ከቢሮ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይታይም። ችግሩ ሐሳቡ ሬዲዮ ዘንድ መድረሱ ነው። አሠልጣኙ «ተለኪው አስቀድሞ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ሲለካም አይናገር፣ አታናግሩት» ሲል፣ ሬዲዮ አጠገቡ ለተቀመጠው ባልደረባው ጎረቤቱ የውኃ ቱቦ እንዴት እንዳፈነዳበት እያወራ ነበር።

መሣሪያው መጣ። ሬዲዮ ከመስታወቱ ሥር፣ ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ እንደ ሽልማት አስቀመጠው። የመሣሪያውን ጨርቅ የሰው ክንድ ላይ ይጠቀልላል፣ ቁልፉን ይጫናል፤ ጨርቁ እየተነፋ ሳለ ሰውየው እንዳይጨነቅ ብሎ ጨዋታ ይጀምራል።

«ትናንት ቡድናችሁ ያንን ጎል እንዴት ሳተው በናትህ?»

ለተከራዩ ደግሞ፣ «ያከራየህ ሰውዬ ቤቱን ሊሸጠው ነው አሉ፣ አልነገረህም?» ለመምህሩ፣ «ልጅህን ከዚያ ጎረምሳ ጋር አየኋት ልበል?»

ቁጥሩ ጣሪያ ይነካል። ሬዲዮም ራሱን እየነቀነቀ «አይ ወንድሜ፣ አልቀሃል!» ይልና ካርድ ይሰጣል።

በአንድ ወር ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ የግፊት በሽተኛ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው ካርድ በደረሰው ማግስት ጨው ፈርቶ ከሊጡ አወጣው፤ ሕዝቡም ሳይታመም አልጫ ዳቦ ሲያላምጥ ሰነበተ። መካኒኩ ልሞት ነው ብሎ ስንት ዘመን ከተኳረፋት አማቱ ጋር ታረቀ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ጤነኛ ነህ» ሲባል እርቁ ቆጨው። ከካርደኞቹ ያልሄደ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የሬዲዮ ታላቅ ወንድም ልብስ ሰፊው ጋሼ ነው። አባታቸው አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚሁ በሽታ ቀርቷል፤ ሬዲዮን ያሳደገው ጋሼ ነው። ጋሼ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቴም ከፍ ብሏል። የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ግንባሩን በመዳፉ ሲጫን ብዙ ጊዜ ይታያል። ካርዱን ኪሱ ከትቶ «እሄዳለሁ» ይላል እንጂ አይሄድም።

በዚህ መሐል የጤና ጣቢያው አግዳሚ በጤነኛ ሰው ሞልቶ እውነተኛው በሽተኛ መቆሚያ አጣ። የግፊት ክፍሏ ሲስተር ካርዱ ሁሉ ከአንድ ፀጉር ቤት መምጣቱን ስታይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነጭ ልብሷን አውልቃ መጣችና እንደማንም ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ልለካ ነበር» አለች።

«ደግ አደረግሽ እህቴ!» አለ ሬዲዮ ጨርቁን እየጠቀለለ። «እዚህ መምጣትሽ ብልህነት ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ፊቷን ላትፈታ የማለች ናት አሉ። ሰው አግዳሚ ላይ እያረጀ እሷ ሻይዋን ትጠጣለች። ባል ይኖራት ይሆን? እኔ እንጃ!»

ቁጥሩ ወጣ። ሬዲዮ ደነገጠ።

«እህቴ፣ አንቺማ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ አለብሽ!»

«ከዚያው ነው የመጣሁት» አለች። «ፊቷን የማትፈታው እኔ ነኝ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሰው ራስ ሲመለጥ በየቀኑ የሚያየው ሬዲዮ የአፉን ማምለጥ ያወቀው ገና ያን ቀን ነው። ሲስተር በጣቷ ዝም አሰኘችው፤ ጸጥ ብላ ቆይታ ራሷን ብትለካ ፍጹም ደህና ሆና ተገኘች።

«እርስዎ የሚለኩት ግፊት ሳይሆን ንዴት ነው» አለችው። «ወይ አፍዎ ይዘጋል፣ ወይ መሣሪያው ይመለሳል።»

ወሬው ከሬዲዮም ፈጥኖ ሰፈሩን አዳረሰ። ሰዉ ሳቀ፤ ዳቦውም ጨው አገኘ። ከሁሉም በላይ ደስ ያለው ግን ጋሼ ነው። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ካርዱን ቀደደው።

«ጠርጥሬ ነበር! የታመመው ወሬህ ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ። ሁለተኛ ያንን ነገር ክንዴ ላይ አታስረውም!»

ሬዲዮ አልሳቀም። በወሬው የዚያን ሁሉ ሰው ቁጥር ካበላሸ የጋሼንም አበላሽቶት ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ጋሼ ግንባሩን የሚጫነው በወሬ ምክንያት አይደለም። ሳይናገሩ ካልለኩት በቀር እውነቱን የሚያውቅ የለም፤ እሱ ደግሞ አልለካም ብሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምታ መለማመድ ያዘ። መጀመሪያ የሞከረው ቤቱ ነው። ሚስቱ እራት አቅርባ ፊቱን አየች፣ ግንባሩን ዳሰሰች፤ በመጨረሻ «ማን ሞተ? አትደብቀኝ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ፀጉር ቤትም ደንበኞች «አስቀይመንህ ነው?» እያሉ ይቅርታ ይጠይቁት ጀመር።

ጋሼ ፀጉሩ ጆሮው ላይ ሲደርስበት መጣ። ሬዲዮ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን አስነሳና የቀኙን ጎን ጥሩ አድርጎ አነሳው። ከዚያ ቶንዶሱን አጥፍቶ በማበጠሪያው ወደ መለኪያው ጠቆመ።

«ምንድን ነው?» አለ ጋሼ። «ግራውስ?»

ማበጠሪያው አሁንም መለኪያውን ያሳያል።

ጋሼ መስታወቱን አየ። ግማሹ ራሱ ሙሽራ፣ ግማሹ እስረኛ ይመስላል። «አንተ! በዚህ ራስ አደባባይ ልታወጣኝ ነው?» ሬዲዮ ትከሻውን ሰበቀ። ጋሼ ተበሳጭቶ ክንዱን ዘረጋ፤ ነገር ግን ሞኝ አይደለም። ሬዲዮ አንዲት ቃል ከወጣው ቁጥሩን በወሬው ማሳበብ እንደሚቻል ገብቶታል።

«ቡድንህ ዘንድሮ መውረዱ አይቀርም» ብሎ ጀመረ። ዝም። «ሚስትህ ምን አይታ እንዳገባችህ እስካሁን ይገርመኛል።» ዝም። «ልጅ ሆነህ የሰው ዶሮ ሰርቀህ እኔ ነኝ የተገረፍኩልህ!»

ይሄኛው ፈጽሞ ውሸት ነው፤ የተሰረቀው ዶሮ ሳይሆን እንቁላል ነው፤ የተገረፈውም ሬዲዮ ራሱ ነው። ደም ሥሩ ተገታተረ። ማበጠሪያውን ጥርሱ መካከል አድርጎ ነከሰው።

ለብቻ መሳደብ ይሰለቻል። ጋሼ እየቆየ አፉን ዘጋ፣ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፣ ትንፋሹም ረጋ። ፀጉር ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሬዲዮ ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ቁልፉን ተጫነ። ጨርቁ ተነፋ፤ ተነፈሰ።

ሁለቱም ቁጥሩን አዩ። ሬዲዮ ጨርቁን አላልቶ፣ ጥቂት ጠብቆ እንደገና ለካ። ያው ከፍ እንዳለ ነው።

«እስቲ አንድ ነገር ተናገር» አለ ጋሼ። ድምፁ ቀጥኗል። «ተናገር እንጂ አንተ! በወሬህ ነው ልበል።»

ሬዲዮ ማበጠሪያውን ከአፉ አወጣ። «ጋሼ» አለ፣ ጨርቁንም ከክንዱ ፈታለት።

ቆርቆሮ በሩን ዘግተው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ሰው የጋሼን ራስ እያየ ይስቃል፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተር በሩ ላይ ቆማ አንዱን ከሌላው አስተያየች። ሬዲዮ ላብ በላብ ሆኗል፤ ከንፈሩም ደርቋል።

«የታመመው የትኛችሁ ነው?» አለች።

ጋሼ የወንድሙን እጅ ያዘ።

«እኔ ነኝ ሲስተር» አለ። «እሱ ፈርቶልኝ ነው።»