ያለ ወላሂ

ሐዋ ሆጤ ገበያ ላይ ጨርቅ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ ከአፏ «ወላሂ» ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ዋጋ ስትጠራ ወላሂ፣ ሜትር ስትለካ ወላሂ፤ እንዴት ዋልሽ ሲሏት እንኳ አልሐምዱሊላህን አስቀድማ ወላሂን ታስከትላለች። እንዲህ ያለውን መሐላ ማንም እንደ መሐላ አይቆጥረውም፤ ገበያ ውስጥ የማይምል ነጋዴ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅም የለም።

አንድ ቀን ግን ከቢስቲማ የመጡ እናት ቀሚስ ይዘው ባንኮኒው ፊት ቆሙ። ጨርቁን ለልጃቸው ኒካህ የገዙት ከእሷ ነበር፤ በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ለቆ ነጩን ጥለት አበላሽቶታል። ሐዋ ለጠብ ተዘጋጀች። ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም።

«ወላሂ አይለቅም ብለሽኝ ነው እኮ ልጄ» አሉ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። «በአላህ የማለን ሰው እንዴት እጠረጥራለሁ?»

ጨርቁን ለወጠችላቸው፤ ሐፍረቱን ግን የምትለውጥበት አጣች። ያን ጊዜ መልቀቅ አለመልቀቁን የት አውቃ! ምላሷ ነው የማለው።

ከዚያ ወዲያ አልምልም አለች። ማለቱስ ቀላል ነው። አመል እንደ ሻርፕ አውልቀው የሚሰቅሉት አይደለም፤ ጠዋት ወስና የከፈተችው ሱቅ ውስጥ ረፋድ ላይ ምላ ትገኛለች። በሳተች ቁጥር ማግስቱን መጾም ጀመረች። ባሏ ጀላል «ኧረ ዘንድሮ ረመዳኑ አልወጣ አለ!» እያለ ይስቅባታል፤ ብቻውን መብላት ሲያሳፍረው ግን እሱም አብሯት መጾም ያዘ።

ጾሙ ብቻውን እንደማይበቃ የገባት ቆይቶ ነው። ምላስ ሥራ ከፈታ ወደ ለመደው ይሄዳል። ስለዚህ ለእጇ ሥራ ሰጠችው፤ ደጃፏ ላይ ውሃ የሞላ ሳፋ አስቀመጠች። «ይለቃል?» ሲሏት ከጣቃው ጫፍ ቁራጭ ቀድዳ ትነክራለች። ጎረቤቶቿ «ሐዋ ላውንደሪ ከፈተች» ብለው ተሳለቁባት። ደንበኛው ደግሞ ባሰ። የማትምል ነጋዴ አይቶ ስለማያውቅ «ይቺ ብትዋሽ ነው መማል የፈራችው» እያለ ፊት ለፊቷ ወዳለው ወላሂ ባዩ ሙንዚር ሱቅ ይሻገራል። ገበያዋ ቀዘቀዘ፤ የሱቅ ኪራዩ ግን አልቀዘቀዘም።

ጀላልም መሳቁን ተወ። «እውነቱን እስካወቅሽ ድረስ ብትምዪ ምን አለበት?»

«አላውቀውማ!» አለችው። «እኔ አልሸመንኩት፣ ቀለም አልነከርኩት። ምኑን አውቄ ልማል?»

በሠርግ ሰሞን ሼህ አብዱልወሀብ የሚባሉ አዛውንት ከባለቤታቸው ጋር ከሐርቡ መጡ። ለልጃቸው ሚዜዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይፈልጋሉ። ይህ ገበያ ከተገኘ ሱቁ ይተርፋል፤ ካመለጠ መዘጋቱ ነው። ሐዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሽማግሌው አረንጓዴውን ወደዱት።

«አይለቅም? እስቲ ወላሂ በዪ!»

ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ቁራጭ ቀደደችና ሳፋው ውስጥ ነከረችው። ውሃው አረንጓዴ ሆነ።

ሱቋን በገዛ እጇ የዘጋች መሰላት።

«ይለቃል አባባ» አለች። «አይግዙት።»

ሽማግሌው ሳፋውን ትኩር ብለው አዩ። «ብትምዪልኝ ኖሮ እኮ ወስጄው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ወደ መደርደሪያው ጠቆሙ። «ያንን ሰማያዊውን አውርጂ።»

ውሃውን ቀይራ ነከረችው። ውሃው እንደጠራ ቀረ። ዋጋውን ስትነግራቸው ባለቤታቸው ጣልቃ ገቡ፤ «ኧረ በዋጋው እንኳ ያስምሏት!»

«ይቺን?» አሉ ሽማግሌው። «በራሷ ጨርቅ ላይ የመሰከረችውን ነው የማስምላት? ለኪልኝ ልጄ።»

ሐዋ ሜትሩን አነሳች። «አላህ ይስጥልኝ አባባ! እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ ወላ—» ብላ አፏን በመዳፏ ከደነች። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።