በማር የተለወሰው ክኒን

ፀጉር ቤቱ ሦስት ወንበሮች አሉት፤ የመስኮቱ ዳር የወጣቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ደንበኞቹ «እጀ ቀላል» ይሉታል፤ ምላጩ አንገት ላይ ማረፉ ሳይታወቅ ጺም ያወርዳል። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ከፀጉር ቤቱ ባለቤት በቀር የሥራ ቦታው ሰው አያውቅም። ጠዋትና ማታ ክኒኑን ስለሚውጥ ለዓመታት ጥሎት አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ሐኪሙ ተለቅ ያለ፣ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ክኒን ሲቀይርለት ነው። ሊውጠው ሲተናነቅ እናቱ አንጀቷ አልቻለም። በልጅነቱ እንደምታደርገው ደቁሳ በማር ለወሰችለት።

«እማዬ፣ ጺም ካበቀልኩ በኋላ በማንኪያ?»

«ጺምህን ለሰው አሳይ፤ ለእኔ አፍህን ክፈት!»

የድሮው ክኒን ቢደቆስም ግድ አልነበረውም። የአዲሱ ብልሃት ግን የሚያስደንቅ ነው፤ መድኃኒቱን ቆጥቦ በጥቂት በጥቂቱ እንዲለቅ ሆኖ ነው የተሠራው፤ የጠዋቱ ለማታው፣ የማታው ለጠዋቱ ያደርሳል። ሲደቆስ ያ ቁጠባ ይፈርሳል፤ ሁሉም ባንዴ ደም ውስጥ ይገባና ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ነው ረፋዱ ላይ ራሱን ያዞረው፣ መስተዋቱም ውስጥ አንዱ ደንበኛ ሁለት ሆኖ የታየው። ወደ ማምሻው መድኃኒቱ ሲሳሳ፣ ምላጭ እንደያዘ ወደቀ። ይላጭ የነበረው ደንበኛ ጆሮ ሥር ተተለተለ።

በማግስቱ እናቱ መድኃኒት ቤት ሄዳ የሆነውን ተናገረች፤ ፋርማሲስቷ በጥሞና ሰማቻት።

«እማማ፣ ይሄኛው አይደቆስም፣ አይታኘክም። መዋጥ ካቃተው ይንገረን፣ በፈሳሽ የሚሰጥ አለ።»

«እኔው ነኝ ለዚህ ያበቃሁት! ሁለተኛ አይቀምሳትም!»

«እሱማ ከበፊቱ የባሰ ይጥለዋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ባንዴ አይቋረጥም። ስሜታቸው ከፍ ዝቅ ለሚልባቸውም ይሄንኑ እንሰጣለን፤ አንዳንዱን ሰው ግን ያስከፋዋል። ሆድ ከባሰው፣ መኖር ካስጠላው፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት። ምላጭም ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይያዝ።»

ልጇ ሁሉንም ፈጸመ። ክኒኑን ሳይደቁስ መዋጥ ለመደ፤ ለወራት ምንም አልጣለው፤ ሐኪሙም ፈቀደለት። ወደ ወንበሩ ተመልሶ ፎጣውን አራገፈ። ሁለቱ ወንበሮች ሞልተዋል፤ ተራ የሚጠብቁት አጎቱ ብቻ ናቸው።

«አጎቴ፣ ይምጡ እንጂ። ባዶ ነው።»

አጎቱ አንገታቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ተወኝ ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ።

«ሥራ ከፈታህ፣» አለ ባለቤቱ ከወዲያ ሆኖ፣ «ፎጣዎቹን እጠባቸው።»