ለዕጣ ስል የፈታሁት ባል

ባሌን የፈታሁት ሳልጠላው ነው። እንዲያውም ፍርድ ቤት በቆምንበት ዕለት ጠዋት የሸሚዙን ኮሌታ የተኮስኩለት እኔ ነኝ፤ ዳኛ ፊት ተጨማዶ እንዲቆም አልፈለግሁም። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ፊቴ ግን እስከ ዛሬ ይግላል።

ያኔ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነበር። እሱ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል፣ እኔ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ቤታችን አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ የተከራየናት ክፍል ናት። አከራያችን ቧንቧውን በቁልፍ ይዘጋሉ፣ መብራት ስናስመሽ በሩን ያንኳኳሉ፣ ከገጠር ዘመድ ሲመጣብን ደግሞ «ዛሬም ሰው አላችሁ?» ይላሉ። ዘመዶቼ ይህን እየሰሙ የአልጋው ጫፍ ላይ ተሸማቀው ይበሉና ቶሎ ይሄዳሉ። የራሴን በር ከፍቼ «ግቡ» ማለት አማረኝ።

ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ኮንዶሚኒየም መሠራት ሲጀምር፣ የከተማው የመንግሥት ሠራተኛ ግማሹ ከሥራ መልስ እግሩን እያፍታታ ወደዚያ ይሄድ ጀመር። እኛም እንሄድ ነበር። ጣራ ያልለበሰውን ፎቅ ቀና ብለን እያየን፣ ላይኛው ይሻላል፣ የለም ምድሩ ይሻላል እያልን እንከራከራለን። ማዘጋጃ ቤት ለዕጣው ምዝገባ ሲጠራ ግን ደንቡ ባልና ሚስትን የሚቆጥረው እንደ አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዕጣ። ያላገባና የፈታ በየራሱ ይመዘገባል። ለሴቶችም ተለይቶ የተያዘ ድርሻ አለ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሰማሁት ከቢሮ ነው፤ ሰው ሁሉ እያደረገው ነው ተባለ። ባሌ «ሰው ቢሰማስ?» አለ። ማን ይሰማል፣ ወረቀት ነው፣ ዕጣው ከወጣ በኋላ መልሰን እንፈራረማለን አልኩት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል የሚባለው? ጥቂት ቀን አኮረፈኝና እሺ አለ። አንድ ነገር ከያዝኩ እንደማልለቅ ያውቃል።

ዳኛው ጉዳያችንን ሽማግሌ አይቶት እንደሆነ ጠየቁን። እኔ ቀድሜ «ታይቷል፣ አልሆነም» አልኩ። ባሌ አቀርቅሮ ጫማውን አየ። እንድናስብበት ጊዜ ሰጡን፤ እኛም ቤታችን ገብተን ከአንድ ትሪ እየበላን አብረን አሰብንበት። በቀጠሮው ተመልሰን ተፋታን። ከፍርድ ቤቱ ግቢ ስንወጣ እንደ ልማዱ ክንዴን ሊይዝ ሲል «ተው፣ ሰው ያየናል» ብዬ ገፋሁት። ሳቃችን ስላመለጠን በጓሮ መንገድ ዞረን ገባን።

አይሰሙም ብዬ የተውኳቸው ሰው አባቴ ነበሩ። አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ትውልዳቸው ከአዊ ስለሆነ በሬዎቻቸውን በአዊኛ፣ ሰውን በአማርኛ ነው የሚያናግሩት። ባልና ሚስት በማስታረቅ አገር ያውቃቸዋል። ጓዟን ጠቅልላ የወጣች ሴት ከነባሏ ግቢያችን ስትገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አባቴ አንዱን ከአንዱ ለይተው ይሰማሉ፤ ሰው ተናግሮ እስኪወጣለት ድረስ አያቋርጡም። የሰሙትን ለእናቴ እንኳ አይነግሩም። እሳቸው ዘንድ ቀርቦ ሳይታረቅ የተነሣ የለም ይባል ነበር።

የእኔን ፍቺ የሰሙት ቡሬ ገበያ ላይ ነው። ከእኛ ከተማ የሄደ ነጋዴ «ልጅዎ ትዳሯን ፈታች አሉ፤ እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጽናናቸው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። እኔና ባሌ ግቢው ውስጥ ብርድ ልብስ አጥበን፣ እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን እንጠመዝዛለን፤ ውሃው እግራችን ላይ ሲወርድ እንሳሳቃለን። ቀና ስል አባቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ቆመዋል። የክት ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ለትልቅ ጉዳይ ብቻ የሚይዙትን ዘንግ ይዘዋል። ብርድ ልብሱን ማን ቀድሞ እንደለቀቀው አላውቅም፤ ጭቃው ላይ ወደቀ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሠርጌ ላይ የመረቁኝ ናቸው። ገብተው ተቀመጡ። ምግብ ሳቀርብ አባቴ በእጃቸው ከለከሉኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ለነገር ከመጣ፣ ነገሩ ሳያልቅ የዚያን ቤት እህል አይቀምስም። ባሌ ውጭ እንዲቆይ ነገሩትና መጀመሪያ እኔን ሊሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደነዚያ ግቢያችን ይመጡ እንደነበሩት ሴቶች ፊታቸው ተቀመጥኩ።

ይጠጣል ወይ? ተባልኩ። አይጠጣም። ይማታል ወይ? አይማታም። ሌላ ሴት አለችው? የለችውም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጥፋተኛዋ እኔ ልሆን ነው። አንድ ጥፋት ፈጥሬ ባሌ ላይ ልለጥፍ ዳር ዳር አልኩ፤ ይጠጣል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ባሌ ግን በመስኮቱ በኩል ይታየኛል፤ እጅጌውን እንደጠቀለለ፣ ብርድ ልብሱን ከጭቃው አንሥቶ ብቻውን ሊጠመዝዘው ይታገላል።

«አባባ፣ አልተጣላንም» አልኩ። «ለቤቱ ዕጣ ብለን ነው።»

አልገባቸውም። ደንቡን፣ ምዝገባውን፣ ሁለት ዕጣ ማለት ምን እንደሆነ እንደገና አስረዳሁ። አንዴ መናገሩ አንሶ፣ ደግሜ ማስረዳቴ ይበልጥ አዋረደኝ። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አባቴ አልሳቁም።

«ዳኛው ሽማግሌ አይቶታል ወይ ብሎ አልጠየቀሽም?»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሽሳ?»

«አይቶታል አልኩ።»

«የትኛው ሽማግሌ ነው ልጀ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አባቴ ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሩ። «ያልተጣላ አይታረቅም። እኛ እዚህ ሥራ የለንም፤ እንነሣ» አሏቸው። ሳይቀምሱ ወጡ። ባሌ እስከ መናኸሪያ ተከትሎ ለመናቸው፤ እኔ ከነትሪው ቀረሁ። ያን ምግብ ማናችንም አልበላነውም።

ዕጣው ሲወጣ የእኔ ስም ተጠራ፤ የባሌ አልተጠራም። አዳራሹ ውስጥ እልልታው ሳያባራ አንዲት ሴት መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ምዝገባ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅን ናት፤ እሷን ባሏ የእውነት ጥሏት ሄዷል። ስሟ አልወጣም። «እኔ ባይደርሰኝም ለአንቺ ስለደረሰሽ ደስ ብሎኛል። ብቻዋን የቀረች ሴትም ቤት ታገኛለች ማለት ነው» አለችኝ። አቅፌያት ቆምኩ። ባሌ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከማዶ፣ እንደማያውቀኝ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። ቤት በደረሰኝ ቀን እንደዚያ አፍራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ አባቴን ለቤቱ ምርቃት ልጠራ ወደ ቡሬ ሄድኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው እያልኩ ነው መንገዱ ያለቀው። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ አዲሱ ቤት ገብተው አንዴ እህል ቢቀምሱልኝ ይቅር እንዳሉኝ እቆጥረዋለሁ። አባቴ እንደ ወትሮው ሳሙኝ፣ የባሌን ደኅንነት ጠየቁኝ። ቤት ደረሰኝ ስላቸው «እሰይ» አሉ። ይመጡልኝ እንደሆነ ልጠይቅ አፌን እያሟሸሁ ሳለ ሰዎች ከደጅ ጠሯቸውና ወጡ። እናቴ ወፍጮ ቤት ስለሄደች እኔ ብቻዬን ጓዳ ቀረሁ።

የመጡት ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ ጓዟን ተሸክማለች። አባቴ እንደ ድሮው መቀመጫ አላወጡላቸውም። ሌላ ሰው ፈልጉ አሏቸው። ሴትዮዋ ከሩቅ አገር እሳቸውን ብላ እንደመጣች፣ ሌላ ሰው እንደማታምን ተናገረች።

«ጆሮየ ደክሟል» አሏት። «የሰው ነገር አልሰማ ብሎኛል። ሳልሰማ ልፍረድ?»

ሴትዮዋ አመነቻቸው። ጠጋ ብላ በደሏን በጩኸት ትነግራቸው ጀመር። ባልየውም በሌላው ጆሯቸው በኩል መጥቶ ይጮኻል። ተጣልተው የመጡት ሁለቱ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ፣ አባቴን ለማሰማት ተባበሩ። አባቴ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እንደማይሰማ ሰው ቆመው አሳለፉት። ልጄ በውሸት ሽማግሌ ትዳሯን አፈረሰች፣ ከእንግዲህ በማን ፊት እቀመጣለሁ ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሰዎቹ ሄዱ። እኔ ጓዳው ጥግ ተቀምጬ፣ ድምፄ እንዳይወጣ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ወትፌ አለቅስ ጀመር። አባቴ ደጅ ናቸው፤ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ባልና ሚስቱ የሄዱበትን መንገድ ያያሉ።

«ተይ ልጀ፣ አታልቅሽ» አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ።