የጾም ገጽና የፍስክ ገጽ

ሆላንድኛን ያስተማረኝ ሰው የለም። ስኬቨኒንገን ከባሕሩ ዳርቻ ባለ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ፣ በእረፍት ሰዓቴ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ዘርግቼ፣ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ቃል እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ሽንኩርቱ ተስሎ ስሙ ከሥሩ ከተጻፈ መምህር ምን ይሠራል? ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ የመጣበት የሰፈሩ ሐበሻ ይዞት የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

ስለዚህ የማስታወቂያ ወረቀት አልጥልም። መሳቢያ አነጥፍበታለሁ፤ እርጥብ ጫማ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን እንደ አገር ቤት ኦቾሎኒ ሻጭ ጠቅልዬ የማኅበር ቆሎ አቀርብበታለሁ። በጾም ወራት የሥጋና የአይብ ሥዕል ያለበትን ገጽ ለፍስክ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ጾመኛ ቆሎውን ጨርሶ የበሬ ጭን ለምን ይይ? ይህን ያሰበ ሌላ ሰው በዚህ አገር ካለ አላየሁም።

ሆኖም መጠቀም ሌላ፣ በወረቀት መዋጥ ሌላ። በምንኖርበት ከተማ በዴን ሃግ ፖስታ ሳጥኑ ላይ «እፈልጋለሁ» የሚል ምልክት ላልለጠፈ ሰው ማስታወቂያ አይጨመርም። ክምሩ ሲበዛብኝ ምልክቴን ላጥሁት። ሳጥኑ ግን ከበፊቱ ባሰበት። ወረቀቱ ጓዳውን ሞልቶ ሳሎን ገባ፣ በመጨረሻም ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ።

«የፊታችን እሑድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው» አለች ባለቤቴ። «ሰው የሚቀመጥበት ካጣ ተራዬን ለሌላ እሰጣለሁ።» ታማ እንኳ ተራዋን አሳልፋ የማታውቅ ሴት ናት።

ማዘጋጃ ቤት ብደውል፣ «ምልክት ከሌለዎት ሊመጣብዎት አይችልም» አሉኝ፤ ሳጥኔን ያዩ ይመስል። ወረቀቱን የሚጨምረውን ሰው እኔው ልይዘው ብዬ ከደረጃው ሥር ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው ፎቅ ያለችው ሆላንዳዊት አሮጊት አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛ ወረደችና ሳጥኔ ውስጥ ትጠቀጥቅ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ለጥቅልሎችህ ነዋ፣ ጎረቤት። ግቢ ውስጥ የተሰበሰብን ዕለት ስትነግረን አልነበር? ምልክት ያለን ሁሉ እናጠራቅምልሃለን።»

ለባለቤቴ ብነግራት እስክታለቅስ ሳቀች። «ሰውዬ፣ ፖስተኛው ያንተ አፍ ነው። በል ክምሩን ምድር ቤት አውርድ። እሑድ ደግሞ ቆሎውን ማን ጠቀለለው ቢሉ፣ ዝም። አንድ ወረቀት እዚህ ቤት ከተጨመረ ሁለተኛ ተራ አልወስድም።»

እሺ አልኩ።

እሑድ ሳሎኑ ጸድቶ ሁሉም ተቀመጠ፤ ጸሎት ደርሶ ቆሎው ዞረ። ወሩ የጾም ነበርና ጥቅልሉ ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ የልብስ ሳሙና እንጂ ሌላ የለም። ከሮተርዳም የመጣው ምሁር ወጣት የያዘውን አገላብጦ አየ።

«የሁሉም የጾም ነው እኮ። ማን ነው እንዲህ የተጠበበው?»

ባለቤቴ በትሪው ላይ አሻግራ አየችኝ። ምንጣፉን አየሁ። የቻልኩትን ያህል ቻልኩ።

«ገዝተውት ይሆናል» አለች ከጎኑ ያለችው ሴት።

ገዝተውት። ይህንን ማን ሰምቶ ዝም ይላል? «እኔ ነኝ» አልኩና የጾሙንና የፍስኩን አለያየት አስረዳሁ፤ አጠቃለሉንም በእጄ አሳየሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

በተከታዩ ወር ማኅበሩ ጎረቤት ከተማ ዞተርሜር ነበር። ወጣቱ ሁለት የሞሉ ከረጢቶች ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ከነጎረቤቶቼ አጠራቅሜልዎታለሁ። የጾሙንም ለይቼዋለሁ።»

አንዱን ከፈትኩ። ከላዩ አንድ ሙሉ ገጽ አይብ። «አልለየኸውም» አልኩት፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ለሌላ መተው አይቻልም። ከረጢቶቹን ተቀበልኩ።

ስንመለስ ባለቤቴ ትራሙ ውስጥ ከእኔ ርቃ ተቀመጠች። ከአጠገቤ ያለውን ወንበር ከረጢቶቹ ያዙት።