በስሜ ነው የወጣው

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን ሞገድ ቅርፅ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ከስልክ ቪዲዮ በቀር የትም አይቼው አላውቅም ነበር። የአጎቴ ልጅ የኢንጂነሪንግ አዲስ ተማሪ ነው፤ ክፍላቸው የዩኒቨርሲቲውን ግቢና ላቦራቶሪዎች ሊጎበኝ መሆኑን ሲነግረኝ አብሬው ልግባ ብዬ ለመንኩት። መቱ ተወልጄ፣ እዚያው ሬዲዮና ቲቪ እየጠገንኩ፣ የዩኒቨርሲቲውን በር አልፌ አላውቅም።

ቦርሳዬ ውስጥ ኢንቨርተር ነበር። ባለቤቱ እዚሁ ቅርባችን ቡሬ ውስጥ በማሽን ጫጩት የሚያስፈለፍሉ እናት ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያስነሳላቸው እሱ ነው። አሁን አምፖል ያበራል፣ ሙቀቱን የሚያዳርሰውን የማሽኑን ማራገቢያ ግን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አያዞረውም። በቴስተር ስለካው ልክ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ያሳያል። ቴስተር መጠኑን ይናገራል፣ ቅርፁን አይናገርም። ጥፋቱ ያለው ቅርፁ ላይ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። እንቁላሎቹ ማሽን ውስጥ ከገቡ አሥራ አንድ ቀናቸው ነበር፤ እስኪፈለፈሉ ገና አሥር ቀን ይቀራል።

ጉብኝቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ቤተ መጻሕፍቱን፣ የምግብ አዳራሹን፣ ያላለቀ ሕንፃ ሳይቀር አሳዩን። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚፈተንበት መጭመቂያ ማሽን ላይ የወረቀት ካርቶን ተደርድሮበታል። በመጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ገባን። ኦሲሎስኮፑ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም።

«እንዳትነኩ!» አሉ ቴክኒሻኑ። ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ጎልማሳ ናቸው።

«ጋሼ፣ አይሠራም እንዴ?» አለች አንዲት ተማሪ።

«በደንብ ይሠራል እንጂ! ለዚህ እኮ ነው የማይነካው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ኢንቨርተሩን አወጣሁ። «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ፕሮቡን፣ መለኪያ ሽቦውን፣ አስነክቼ ቅርፁን ልይ።»

«አንተ የየትኛው ዲፓርትመንት ነህ?»

የአጎቴ ልጅ «ከኛ በላይ ያውቃል፣ ጋሼ» አለ።

«ይወቅ! መሣሪያው ከንብረት ክፍል በስሜ ነው የወጣው። ቢቃጠል እውቀቱ ይፈርምልኛል?»

በዚህ አልፈረድኩባቸውም። የፈረመ ሰው እንደሚፈራ አውቃለሁ። ያበሳጨኝ ፕሮቡ እንኳ ከነማሸጊያው መሆኑ ነው። የኔ እጅ ቢያስፈራ እንኳ፣ የተማሪዎቹም እጅ አልደረሰበትም።

ስንወጣ ቴክኒሻኑ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቲቪም ትጠግናለህ አይደል? የቤቴ ቲቪ ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም» አሉኝ።

«ሱቅ ያምጡት» አልኳቸው።

ሱቄ ተመልሼ የኢንቨርተሩን ካፓሲተሮች፣ ሞገዱን የሚያስተካክሉትን ትንንሽ ዕቃዎች፣ በግምት አንድ በአንድ ቀየርኩ። ለሙከራ የሰካሁት ማራገቢያ መንቀጥቀጡን አልተወም። ቡሬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ አልሆነልኝም።»

«ዩኒቨርሲቲም ገብተህ?»

«መሣሪያው አለ። በሰው ስም የወጣ ስለሆነ አይነካም አሉኝ።»

«እና ለምን ገዙት?»

ማራገቢያውን ከኢንቨርተሩ ነቀልኩት።

«በል ተወው። መብራቱ ዛሬም ሊሄድ ነው መሰለኝ፣ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። የጎረቤቴ ዶሮ ታቅፋለች፤ ከእንቁላሎቹ የቻለችውን ያህል ትያዝልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።