የእትዬ አይደፋም ሳህን

የሰፈሩ ሰው «እትዬ አይደፋም» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። የደረቀ ዳቦ ሊጣል ሲል «አይደፋም!»፣ የተረፈ ሾርባ ሊፈስ ሲል «አይደፋም!»፤ የድንች ልጣጭ እንኳ ያለ እሷ ፈቃድ ከቤት አይወጣም። ዕድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት ምግብ ስታበስል ኖራ፣ ልጆቹ ግማሽ በልተው የሚተዉትን እያየች አንጀቷ ሲቃጠል ነው የከረመው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «እኔንም ሳረጅ ቀቅላ ሾርባ ታደርገኛለች እንጂ አትጥለኝም» እያለ ሰው ያስቅባታል።

ወረርሽኙ ገብቶ ትምህርት ቤቱም አውቶቡሱም ሲቆሙ፣ ሁለቱ እቤት ተፋጠው ቁጭ አሉ። አንድ ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ገበያ መውጣት በሳምንት አንዴ ብቻ ሆነ። ያኔ እትዬ አይደፋም ነገሠች! እሁድ ጠዋት የተገዛውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ፣ ቶሎ የሚበላሸውን ከሚቆየው ትለያለች። ሰኞ ጎመን ነው፣ ይጠወልጋላ! ማክሰኞ ቲማቲሙ ሳይፈርጥ ከሩዝ ጋር። የሰኞ ትራፊ የረቡዕ ሾርባ ይሆናል። ምስርና ሽንኩርት ትዕግሥተኞች ስለሆኑ ለሳምንቱ መጨረሻ ይቀመጣሉ። ሾፌሩ ዕድሜ ልኩን መሪ እንጂ ማማሰያ ጨብጦ አያውቅም፤ አሁን ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል፣ እሷ ትስቅበታለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንደዚያ ሰሞን ተዋደው አያውቁም።

ከዚያ ሳል ጀመራት።

የኋለኛው ክፍል ገብታ በሩን የዘጋችው ራሷ ናት። «እንዳትገባ! ሁለታችንም ከወደቅን ማን ያበስልልናል?» አለችው። ከበሩ ጀርባ ሆና ሳምንቱን ትመራዋለች። «ዛሬ ጎመኑን ነው። ግንዱን እንዳትጥለው፣ አድቅቀህ ክተፈው።» እሱ አብስሎ ሳህኑን ደጃፏ ላይ ያስቀምጥና ገለል ይላል። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። የፈላ ውሃ እያፈሰሰበት «ጉድ እኮ ነው፣ የኔን ምግብ ትበላለች!» ይላል፤ ደስታው ለብቻው አልበቃ ብሎት ለልጁም ይደውላል።

ልጅቱ ግን አልተደሰተችም። «አባዬ፣ ድምፅዋ ደክሞብኛል። ሐኪም ቤት ውሰዳት።»

ሐኪም ቤት! የገባ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ ሲወራ ሰምቷል። ጠያቂ አይገባ፣ አስታማሚ አይገባ። እሷም «ከዚህ ቤት ካወጣኸኝ አልመለስም» ብላዋለች። ፈራ። ሲፈራ ደግሞ የሚይዘው አላጣም። «እናትሽ ሳህኑን ጠርጋ ነው የምትመልሰው። የሚበላ ሰው በሽተኛ ይባላል እንዴ? አትሸበሪ» አላት። ደጋግማ ለመነችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!

አንድ ጠዋት «ዛሬ ምን ልሥራ?» ብሎ ቢጣራ መልስ የለም። ደግሞ ጠራት። በሩን በርግዶ ሲገባ የሚሰማው የሚቆራረጥ ትንፋሿ ብቻ ነው፤ ክንዷ ከመክሳቱ የተነሳ የልጅ ክንድ አክሏል። አምቡላንስ መጣ፤ ከራስ እስከ እግራቸው የተሸፈኑ ሰዎች ይዘዋት ሄዱ። ሐኪሞቹ በስልክ «ምነው ዘገያችሁ?» አሉት። ፊቷን ሳያይ ቀበራት።

በማግስቱ ዶሮ አርቢዋ ጎረቤታቸው አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ልታስተዛዝነው መጣች። ከበሩ ራቅ ብላ ቆማ ብዙ አለቀሰች።

«ጋሼ፣ ነገሩ ሆዴን እየበላኝ ነው» አለች በመጨረሻ። «እትዬ እኮ አልበላችም።»

«ምን?»

«የሚሰጣትን በኋላ መስኮት ለዶሮዎቼ ትገለብጥላቸው ነበር። እህል አልወርድ ብሏት ነው። ‹ካወቀ ይወስደኛል፣ ብቻውን ይቀራል፤ አፈር ስሆን እንዳትነግሪው› አለችኝ። ‹ደክሞ የሠራውንም እንዴት አድርጌ ልድፋው?› ትላለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ትቀምስ ነበር። ኋላ ግን ጭራሽ።»

ሾፌሩ ጮኸባት። «እንዴት ዝም ትያለሽ? ሰው አይደለሽም?» ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ከዚያ በሟቿ ተናደደ፣ «አታለልሽኝ!» አለ ለባዶው ክፍል። ዞሮ ዞሮ ቁጣው ራሱ ላይ ወደቀ። በሩን አንዴ ከፈት አድርጎ ቢያያት ኖሮ! አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀኑ መሸበት።

አመሻሹ ላይ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ እኔን የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ትበላ ነበር፣ አይደል?»

አዎ ቢላት ማን ያውቅበታል? ልጅቱም ትተኛለች፣ እሱም ከወቀሳ ይድናል።

«አልበላችም ልጄ» አለ። «ዶሮዎች ናቸው የበሉት። ውሰዳት ስትዪኝ ልክ ነበርሽ። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ተሰማ። እንድትሰድበው ጠበቀ፤ ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ልጅቱ ግን አፍንጫዋን ጠራረገችና «አንተስ፣ ዛሬ በልተሃል?» አለችው።

«በልቻለሁ» ሊል አፉን ከፈተ።

«አልበላሁም» አላት። «እህል አልወርድልኝ አለ፣ ልጄ።» ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።